«መብራት ነው» ብዬ የዘጋሁት ጥያቄ

ሐሙስ ጠዋት ነበር። ደሴ ቤቴ ሻይ ይዤ የሌሊቱን ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂውን፣ ከፈትኩ። ባዶ ነው። የረቡዕን አየሁ፤ ባዶ። የማክሰኞም ባዶ። ሦስት ሌሊት ሙሉ ከኮምቦልቻ አንድ ፋይል እንኳ አልመጣም።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ አለ፤ ኮምፒውተሮቹን የምይዝለት እኔ ነኝ። የሽያጩ፣ የመጋዘኑና የዱቤው መዝገብ ቢሮው ጥግ በተቀመጠ አንድ ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨር በምንለው፣ ላይ ነው። እኔ ከደሴ በቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የግል መስመር፣ እገባና ማሽንን ከሩቅ በሚያሠራው በኤስኤስኤች እሠራለሁ። ባክአፑም ሌሊት ሌሊት በዚያው መንገድ ይመጣል። ያ በር ከተዘጋ እኔም አልገባም፣ መዝገቡም አይወጣም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ዲስኩ ቢበላሽ ኖሮ ማን ስንት ኩንታል በዱቤ እንደወሰደ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ሰው ከሰው የሚጣላበት ነገር ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁንም ልቤ ድንግጥ ይላል።

በሩ ሲዘጋ ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው ወርጄ አስነሳሁት። በሁለተኛውም ወርጄ አስነሳሁት። ሁለቴም የሒሳብ ሠራተኛዋ «ምን ሆኖ ነው ወንድሜ?» ስትለኝ መልሴ አንድ ነበር፦ «መብራት ነው።» እሷም «ኧረ ይሄ መብራት!» ብላ ሻይ አዘዘችልኝ። አመሰገነችኝ። እዚያው ላይ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ሲከነክነኝ የከረመው ይህች መልስ ናት። ውሸት አይደለችም። በሩ የሚዘጋው በእርግጥም መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ግን «መብራት ነው» ካልኩ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቀኝም። እኔም ራሴን አልጠይቅም። በእኛ አገር ከዚህ የበለጠ የሚታመን ምክንያት የት ይገኛል?

## በሩ ላይ ማንም የለም

ያን ሐሙስ መጀመሪያ ያደረግኩት ከቤቴ ሆኜ ሰርቨሩን ፒንግ ማድረግ፣ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ነው። መለሰ። ማሽኑ በርቷል፣ ኔትወርኩም አለ ማለት ነው። በኤስኤስኤች ልግባ ስል ግን በቅጽበት «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ»፣ ግንኙነቱ ተከልክሏል፣ አለኝ።

ይህን መልእክት ብዙ ሰው «ፓስወርድህ ተሳስቷል» ማለት ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርኩ ዘበኛ የሆነው የፋየርዎል ክልከላም አይደለም። ፋየርዎል ጥያቄህን ዝም ብሎ ሲጥለው ስክሪኑ ፈዞ ይቆይና ከብዙ ሰከንድ በኋላ ታይምአውት፣ ጊዜው አለፈ፣ ይላል። ሪፊውዝድ ግን ወዲያው ነው የሚመጣው። አንኳኩተህ ከውስጥ ሰው «የምትፈልገው እዚህ የለም» እንደሚልህ ነው። ማሽኑ አለ። ፖርት 22 በሚባለው የበር ቁጥር ላይ ቁጭ ብሎ እንግዳ መቀበል የነበረበት ኤስኤስኤችዲ የሚባለው ፕሮግራም ነው የሌለው።

የዚህች የ22 ቁጥር ታሪክ ደስ ይለኛል። በ1995 እ.ኤ.አ. ታቱ ዩሎነን የሚባል ፊንላንዳዊ በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርዶች መሰረቃቸውን አይቶ ኤስኤስኤችን ሠራ። እስከዚያ ድረስ ሰው ከሩቅ የሚገባው በቴልኔት ነበር፤ ቴልኔት ደግሞ ፓስወርዱን እንዳለ፣ ሳይሸፍን ነው የሚልከው። የፋይል ማስተላለፊያው የኤፍቲፒ ፖርት 21 ነው፣ የቴልኔት 23። መሐል ላይ ያለችው 22 ባዶ ነበረች። ጠየቀ፣ ተሰጠችው። ለደህንነት ተብሎ የተሠራ በር ነው እንግዲህ። የእኔም ስህተት የገባው ለደህንነት ብዬ በጨመርኳት አንዲት መስመር ነው። ያን ጊዜ ግን ገና አላወቅኩም።

ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ሃረጎ ላይ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቶ ሾፌሩ በጠራራ ጠዋት መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ ጆሮ ይደፈናል። ደሴ ላይ ዚፕ የዘጋሁትን ጃኬት ኮምቦልቻ ስደርስ ክንዴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ።

መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል የነበረው ያለፉትን ሁለት ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ነው። የኤስኤስኤችዲን ስታተስ፣ ያለበትን ሁኔታ፣ አየሁ፤ «ፌይልድ»፣ ወድቋል፣ ይላል። ስታርት አልኩት፤ አረንጓዴ ሆነ። መመሪያው የተጻፈበትን ኮንፊግ ፋይል በኤስኤስኤችዲ የራሱ መፈተሻ፣ በሰረዝ ቲ ትእዛዝ፣ ፈተሽኩት፤ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ደህና ነው ማለት ነው። ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ መታዘዙን አረጋገጥኩ፤ «ኢኔብልድ» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል ብዬ ተመለስኩ።

አሁን ሳስበው አንዳቸውም የጠየቅኩትን አልመለሱም። መፈተሻው የሚያየው ፋይሉ በትክክል መጻፉን ነው እንጂ ፕሮግራሙ ፖርቱን መያዝ መቻሉን አይደለም። ኢኔብልድ ማለት «ተነስ ተብሏል» ማለት ነው እንጂ «ተነስቷል» ማለት አይደለም። አረንጓዴውም ቢሆን እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሁሉ ነገር ከረጋ በኋላ፣ በእጄ ሳስነሳው የመጣ አረንጓዴ ነው። ሰርቪስ ማለት ደግሞ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያየው፣ በጨለማ በራሱ የሚነሳ ነገር ነው። እኔ የፈተንኩት ሌላ፣ የሚጠበቅበት ሌላ።

## «አብሽር፣ ድምጹ ይርጋ»

ቢሮ ስደርስ አንድ ነገር ወሰንኩ። አላስነሳውም። ሁለቴ አስነስቼው ሁለቴ ማስረጃውን ትቼ ሄጃለሁ። ስክሪን ሰካሁበት፣ ኪቦርድ ሰካሁበት፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሎጉን፣ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን ማስታወሻ፣ ማየት ሳልጀምር ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ።

ግቢው ጸጥ አለ። የፋብሪካው ድምፅ ሲቆም ነው እስካሁን ይጮህ እንደነበር የሚታወቀው። ለቢሮው ብቻ የምትበቃ ጄኔሬተር አለች፤ የሚያስነሷት የግቢው ጥበቃ ጋሼ ናቸው። ተከትያቸው ወጣሁ። ገመዷን ሁለቴ ሳቡ፤ ተነሳች። እጃቸው ማዞሪያው እጀታ ላይ ነው፤ ግን አያዞሩትም። ቆሙ።

«ጋሼ፣ ተነሳች እኮ፤ አያዞሩትም?» አልኳቸው።

«አብሽር፣ ድምጹ ይርጋ» አሉኝ። ጆሯቸውን ወደ ጄኔሬተሯ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ትንተፋተፋለች፣ ከዚያ ትጮሃለች፣ ከዚያ ድምጿ አንድ ወጥ ይሆናል። ያኔ እጀታውን ገጭ አደረጉት። «ሳትረጋ ከጫንክባት ወይ ትጠፋለች፣ ወይ ዕቃ ታቃጥላለች» አሉኝ።

ሮጬ ተመለስኩ። ሰርቨሩ በራሱ ተነስቷል፤ ኃይል ሲመጣ እንዲበራ ባዮሱ፣ የማሽኑ መነሻ ቅንብር፣ ላይ አስተካክዬዋለሁ። ነጫጭ ጽሑፎች ስክሪኑ ላይ ተንጠባጠቡና ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ የመግቢያው ጥያቄ መጣ። ስም አስገባ ይላል። ፈጣን ነው። ቀና ስል ግድግዳው ላይ ያለው ራውተር ዓይኔ ገባ።

ራውተሩ ገና አልተነሳም። ከአምስቱ መብራቶች የበራው አንድ ነው፤ እሱም ብልጭ ድርግም ይላል። ሰርቨሩ ተነስቶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ በር ላይ ቆሟል። አድራሻ የሚሰጠው ራውተር ግን ገና ዓይኑን እያሸ ነው።

አንድ ደቂቃ ገደማ ቆሜ አየሁ። ሁለተኛው መብራት በራ። ሦስተኛው። ከዚያ የኔትወርኩ አረንጓዴ መጣ። ያን ጊዜ ጋሼ እጀታው ላይ እጃቸውን አሳርፈው የቆሙት ነገር መጣብኝ። እሳቸው የሚያዳምጡትን የኔ ሰርቨር አያዳምጥም።

ሎጉን ከፈትኩ። ያለፉትን ሁለት ጊዜ ያየሁት የመጨረሻዋን ቀይ መስመር ብቻ ነበር፤ «ፌይልድ» የምትለውን። አሁን ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። 14:07:31 ላይ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ7 መሆኑ ነው፣ ኤስኤስኤችዲ 192.168.10.5 በሚለው የኔትወርክ አድራሻ ላይ ፖርት 22ን ለመያዝ ሞከረ። መልሱ «የተጠየቀውን አድራሻ መስጠት አይቻልም» የሚል ነው። ከሥሩ «ምንም አድራሻ መያዝ አልቻልኩም» ብሎ ወጣ። 14:08:22 ላይ ሰርቨሩ ከራውተሩ አድራሻ ተቀበለ፦ 192.168.10.5።

በመካከሉ ያለው 51 ሰከንድ ነው። የሦስት ሌሊት ባክአፕ የጠፋው በ51 ሰከንድ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ እናቶቻችን። የእኔው ሰርቨር ግን አፈሰሰ እንጂ አልለቀመም።

ለምን እንዳልለቀመም ቆይቶ ገባኝ። መጀመሪያ ግን ከበፊቶቹ ቀናት ሎግ ውስጥ ፈለግኩ። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ያችው መስመር አለች። ሁለተኛውም ላይ አለች። ቃል በቃል አንድ ናት። ሁለቴም ነግሮኛል። እኔ «መብራት ነው» ብዬ ስለነበር አላነበብኩትም።

## አንዲት መስመር እና አዲሱ ዲስክ

ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ ካርድ አለው። አንዱ ወደ ቢሮው ነው፣ ሌላው ወደ ካሜራዎቹና ወደ እንግዳ ዋይፋይ። ከግማሽ ዓመት በፊት ኤስኤስኤች በእንግዳው በኩል እንዳይታይ ብዬ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ «ሊስን አድረስ» የምትለውን መስመር ጨመርኩ። በ192.168.10.5 ብቻ አዳምጥ አልኩት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ቀዳዳውን አስቀድሞ መድፈን ጥሩ ነው። ሐሳቡ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ።

ግን መስመሯ የጨመረችው ሌላ ግዴታ አለ። ፕሮግራሙ በሁሉም አድራሻ ሲያዳምጥ አድራሻ ኖረም አልኖረም ግድ የለውም፤ ይቀመጥና ይጠብቃል። አንድ አድራሻ ሲነገረው ግን ያ አድራሻ በዚያች ቅጽበት ማሽኑ ላይ መኖር አለበት። ከሌለ መነሳት አይችልም።

ኡቡንቱ 22.04 የሚባለውን ስርዓተ ክወና ነው የምጠቀመው። እዚያ ላይ ኤስኤስኤችዲን የሚያስነሳው፣ ፕሮግራሞችን በተራቸው የሚቀሰቅሰው ሲስተምዲ ነው። የሰርቪሱን ፋይል ከፍቼ ሳይ «ከኔትወርክ ታርጌት በኋላ ተነስ» ይላል። ይህን ዓመታት ሙሉ «ኔትወርኩ ከተገናኘ በኋላ» ብዬ ነው ያነበብኩት። አይደለም። ኔትወርክ ታርጌት ማለት ኔትወርኩን የሚያስተዳድሩት ፕሮግራሞች ተጀምረዋል ማለት ብቻ ነው። አድራሻ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሌላው ነው፣ ኔትወርክ ኦንላይን ታርጌት የሚባለው። ስማቸው ሲመሳሰል ሥራቸውም አንድ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ሌላም አለ። ፋይሉ ላይ «ከወደቅክ ድገም» የሚል ትእዛዝ አይቼ ነበር። ታዲያ ለምን አልደገመም? ከሥሩ አንድ መስመር አለች፦ በ255 ቁጥር ከወጣ አትድገም። ኤስኤስኤችዲ በከባድ ስህተት ሲወጣ የሚሰጠው ቁጥር ደግሞ 255 ነው። ይህን የጻፉት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ኮንፊግ ፋይልህ ከተበላሸ መቶ ጊዜ ቢደገም አይነሳም። ስለዚህ አንዴ ሞክሮ ካልሆነ ይተው ብለዋል። የእኔ ችግር ግን አንድ ደቂቃ ቢጠበቅ የሚፈታ ነበር። ቁጥሩ አንድ በመሆኑ ሁለቱ ነገሮች አልተለዩም።

እስካሁን በጣም የሚደንቀኝ ግን ይህ አይደለም። መስመሯን ከጨመርኩ ግማሽ ዓመት አልፏል። በሩ መዘጋት የጀመረው ግን በቅርብ ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት መብራት አልሄደም እንዴ? ሄዷል፤ ስንት ጊዜ። ታዲያ ያኔ ለምን ተነሳ?

የቀየርኩት ዲስኩን ነው። ድሮ የነበረው የሚሽከረከር ዲስክ ነበር። ሲነሳ ያጉረመርማል፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የሒሳብ ሠራተኛዋ «እስኪነሳ ቡና ይፈላል» ትል ነበር። ኤስኤስዲ፣ የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ፣ ገዝተን ቀየርኩትና ሃያ ሰከንድ ሆነ። ሁሉም ደስ አላቸው፤ እኔም ኮራሁ። ያ ዘገምተኛ ዲስክ ግን ሳላውቀው አንድ ሥራ ይሠራልኝ ነበር። እሱ እስኪንደፋደፍ ራውተሩ ተነስቶ ይጠብቀዋል። ስህተቴን በዝግታው ሸፍኖልኝ ኖሯል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ አልደበቅኩም፤ የደበቀልኝ አሮጌው ዲስክ ነው። ግን ውጤቱ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች የምይዛቸውን ማሽኖች ሳይ ይህ ጥያቄ አይለቀኝም። ስንቱ ነው ትክክል ስለሆነ የሚሠራው? ስንቱስ ነው አንድ ዘገምተኛ ነገር ስለጠበቀለት የሚሠራው? ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ያው አረንጓዴ ናቸው።

## ጋሼ ዋናውን ሲያጠፉልኝ

መጀመሪያ እጄ የሄደው ወደ ቀላሉ ነበር። ከመነሳቱ በፊት 60 ሰከንድ ይተኛ ልበለው? ይሠራል። ነገ ራውተሩ 70 ሰከንድ ሲፈጅ ግን እንደገና ሚኒባስ ልይዝ ነው። ተውኩት። ኔትወርክ ኦንላይን ታርጌትን ይጠብቅ ማለትም ይቻላል። እሱ ግን የሚጠብቀው እስከ 2 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ይሰለችና ያልፋል። ጄኔሬተሯ ቢሮውን ብቻ አብርታ የራውተሩ መስመር የተነቀለባቸው ቀናት ነበሩ። እነሱን አይሸፍንልኝም።

ያደረግኩት ሌላ ነው። መስመሯን አወጣኋትና ኤስኤስኤችዲ በሁሉም አድራሻ እንዲያዳምጥ ተውኩት። እንግዳውን መከልከል የፋየርዎሉ ሥራ ሆነ፤ በካሜራውና በዋይፋዩ ካርድ በኩል ፖርት 22 ተዘጋ። ጥበቃው ቀረ ማለት አይደለም፤ ቦታ ቀየረ። በተጨማሪ የ255ቷን ክልከላ አነሳሁና በየ10 ሰከንዱ ይሞክር አልኩ። ለዚህኛው በእርግጠኝነት አልከራከርም። ኮንፊግ ፋይሉ ቢበላሽ ሎጉ በከንቱ ይሞላል። ለእኔ ግን ከሩቅ ያለ በር ተስፋ ቆርጦ ከሚቀር ሲጮህ ቢያድር ይሻላል።

ከዚያ ለመፈተን ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት ማጥፋት ፈለግኩ። እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። መብራት ሲሄድ የሚወድቀውን ነገር መብራት ሳይሄድ ነበር የምፈትነው።

ዋናው መብራት ተመልሶ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋን አስፈቀድኩ፣ መዝገቡን ዘግታ ወጣች። ሰርቨሩን ራሱ በሥርዓት አጠፋሁት፤ የተከፈተ መዝገብ ላይ ኃይል መቁረጥ ሌላ ጣጣ ነው። «ጋሼ፣ ዋናውን አንዴ ያጥፉልኝ» አልኳቸው።

«ሰው መብራት ይምጣልኝ ብሎ ዱዓ ያደርጋል፣ አንተ አጥፋልኝ ትላለህ» አሉ። አጠፉት። አበሩት። ሰርቨሩ ተነሳ፣ ራውተሩ ዘገየ፣ ሲደርስ ከስልኬ በቪፒኤን ሞከርኩ። ገባሁ። እንደገና አጠፋን። ገባሁ። በሦስተኛው የራውተሩን መሰኪያ ነቅዬ ሰርቨሩን ብቻውን አስነሳሁት። አምስት ደቂቃ ሙሉ አድራሻ አልነበረውም። ጋሼ ከበሩ ቆመው ያያሉ። መሰኪያውን መለስኩ፤ መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ። ገባሁ።

ሻይ መጣ። የሒሳብ ሠራተኛዋ እንደ ልማዷ ልታመሰግነኝ ስትል «ቆይ እህቴ፣ መብራት ብቻ አልነበረም፤ እኔ የጻፍኳት መስመር ናት» አልኳት። ሦስት ሌሊት ባክአፕ እንዳልነበራትም ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ሦስቱንም?» አለች። «ሦስቱንም።» ከዚያ ከመሳቢያዋ የዱቤውን ደብተር አወጣች። ለካስ በእጇም እየጻፈች ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ መልሱን እገምታለሁ። ሻዬን ጠጥቼ ወደ ደሴ ወጣሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ባክአፑን ከፈትኩ። ሞልቷል። በልማድ የሰርቨሩን ሎግ አየሁ። ሌሊት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተነስቷል። ለጋሼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር?»

«ሁለቴ ሄዶ መጣ። ምነው፣ አልሰማህም እንዴ?»

«አልሰማሁም» አልኳቸው።